ጿሚቷ ያሉኝ ሁዳዴ

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ በርበሬ ሳማርጥ፣ ከቅመም ሻጮቹ ረድፍ ማዶ አንዲት አሮጊት በምርኩዟ እየጠቆመችኝ ቆመች። ልብ አላልኳትም። በዚህ ዕድሜ ሰው ሲያፈጥብኝ ወይ ነጠላዬን ገልብጬ ለብሻለሁ፣ ወይ ከዘመዱ ጋር አመሳስሎኛል ብዬ አልፋለሁ። እሷ ግን ቃሪያ ሻጮቹን ተሻግራ መጣችና ከእግሬ እስከ ራሴ በዓይኗ ለካችኝ፤ እኔም፣ ይመስገነው፣ አሁን የሚለካ ሰውነት አለኝ። «ጿሚቷ!» አለች። «አንቺ ጿሚቷ አይደለሽም እንዴ? የት አባሽ ገብተሽ ነው እንዲህ የወፈርሽው?» በርበሬ ሻጯ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ያን ስም ከሰማሁ ስንት ዘመኔ፤ የያዝኩትን በርበሬ ወደ ጆንያው መለስኩት። የልጅነት ጎረቤቴ ጫልቱ ነበረች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ አወራችኝ፤ ስልክ ቁጥሬን ወስዳ፣ እሑድ ምሳ እመጣለሁ ብላኝ ታክሲ ወረፋ ውስጥ ጠፋች። እኔ ግን በርበሬውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ያኔ የምንኖረው ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ በእትዬ ደስታ ግቢ ነበር። እትዬ ደስታ የግቢው ባለቤት ናቸው፤ እኛና የጫልቱ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ተከራይተን በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ እንለያይ ነበር። የጫልቱ አባት ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን እርሻቸውን ለወንድማቸው ትተው የወረዱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ቀልዱ በአማርኛ፣ ቁጣው በኦሮምኛ ነበር፤ ጫልቱ ቁጣ የማያጣት ልጅ ስለነበረች እኔም ኦሮምኛ የለመድኩት በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። የእኛ ቤት ግድግዳ ደግሞ ከውስጥ በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ይሁን እንጂ ማንበብ የለመድኩት ግድግዳችን ላይ ነው። እማዬ ጋዜጣውን ስትለጥፍ ላይና ታቹን ስለማትለይ፣ ግማሹ ተዘቅዝቆ ነበር የተለጠፈው፤ ዛሬም ዘቅዝቃችሁ ብትሰጡኝ አነበዋለሁ።

የዚያን ጊዜ የካ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ መንገዱ ራሱ የሚሄድ ጫካ ይመስል ነበር። ከታች የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ይሰማል፤ ከጠጅ ቤቱ የሸክላ ዘፈን ይወጣል፣ ሸክላው ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይንተባተባል፣ እኛም አብረነው እየተንተባተብን እንዘፍናለን። አምስት ሳንቲም ዳቦ ትገዛ ነበር፤ ከዳቦ ቤቱ እስከ ግቢያችን ድረስ ሙቀቷ ክንዴ ላይ ነው። እኔና ጫልቱ እኩል የተገዛልን ኮንጎ ጫማ ነበረን፤ ፀሐይ ላይ የሚግል፣ ዝናብ ላይ የሚያንሸራትት፣ እኛ ግን እንደ ወርቅ የምናየው። ይህን ሁሉ የማወራው ያን ጊዜ እበላ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ያቺን ዳቦ በር ሳልደርስ ጫፏን ገምጫት ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። መኪናውን እዚያው አቁሞ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ከመታጠፊያው ጀምሮ እያፏጨ ስለሚገባ በር አንኳኩቶ አያውቅም። ፉጨቱን ስንሰማ እማዬ ትነሣና ትከፍትለታለች። በራችን ምግብ ሲቀርብ ሁልጊዜ ዝግ ነበር። የኛ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ግቢ ማንም በሩን ሳይዘጋ አይበላም። ዓይን ይፈራል። ሰው ጉርሻሽን አይቶ ቢያልፍ ሆድሽ ውስጥ ገብቶ ያድራል ይባላል። እማዬ በሩን ዘግታ፣ መወርወሪያውን ገፍታ፣ ስንጥቁን ሁሉ በዓይኗ ካዳረሰች በኋላ ነበር መሶቡን የምትከፍተው።

ከዚያ ያ የሃምሳ ሦስቱ ታኅሣሥ መጣ። ምን እንደነበረ የተማሩት ጽፈውታል፤ እኛ የምናውቀው አባቴ ጠዋት እንደወጣ አለመመለሱንና ከተማው ተኩስ በተኩስ መሆኑን ነው። ግቢው ጭር አለ። የጠጅ ቤቱ ሸክላ ቆመ። ውሻ እንኳ አይጮህም ነበር። እማዬ ለማንም ሳትናገር ትጸልያለች፣ እኔ ግድግዳውን አነባለሁ፤ የስኳር ማስታወቂያ፣ የጠፋ በቅሎ፣ ተዘቅዝቆ የቆመ አንድ ሹም። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ የገና ጾም ስለነበር፣ ሽሮ ቀርቦ እማዬ አጎረሰችኝ። ጉርሻው ገና አፌ ውስጥ ሳለ በራችን ተደበደበ። በእጅ የሚንኳኳ አልነበረም፤ በብረት ነበር። እማዬ ባጎረሰችኝ እጇ አፌን ከደነችው። መዳፏ የሽሮ ሽታ ነበረው። መተንፈስ አቃተኝ። መዋጥም አቃተኝ።

ስትከፍትላቸው ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ገቡ። የማን ወገን እንደሆኑ ያኔ አላወቅንም፣ በኋላም አልጠየቅንም። ባልሽ የት ነው አሏት። ሾፌር ነው፣ ሥራ ወጥቶ አልተመለሰም አለች። አልጋው ሥር አዩ፣ ጓዳ አዩ። አንዱ ልጅ እግር ውኃ ለመነ፤ እማዬ በጣሳ ሰጠችው፤ እኔን እኔን እያየ ጠጣና ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰላት። ከዚያ ሄዱ። ሌላ ምንም አልሆነም። ማንም አልተመታም፣ ማንም አልተወሰደም። አባቴም ከቀናት በኋላ ጢሙ አድጎ፣ ጫማው ጠፍቶ፣ ግን ሙሉ ሰውነቱን ይዞ መጣ። ሳያፏጭ ነው የመጣው፤ በሩን ሲያንኳኳ እኔ አልጋው ሥር ገባሁ። ያቺ ጉርሻ ግን፣ እነዚያ ሰዎች ከሄዱ በኋላ ጓሮ ወጥቼ የተፋኋት ጉርሻ፣ ከአፌ የወጣች አልመሰለኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሶቡ ቀርቦ መወርወሪያው ቀጭ ሲል ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ጀመር። ምግቡ አላስጠላኝም፤ ይሸተኛል፤ ያምራል። አፌ ሲገባ ግን ጭቃ ይሆናል፤ አሁን ይደበደባል፣ አሁን፣ እያልኩ በሩን አያለሁ። እማዬ ታጎርሰኛለች፣ እኔ ጉንጬ ውስጥ አቆያለሁ፣ ጓሮ ወጥቼ እተፋለሁ። ሳይንኳኳ የዋለበት ቀን ይብስ ነበር፤ የቀረ ዕዳ ያለብኝ ያህል ነገ እጥፍ ሆኖ የሚመጣ ይመስለኛል። ገና ገባ፤ ሥጋው ተቆረጠ፤ ሰው ሁሉ ፈሰከ፤ እኔ ከአጥንቱ ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። ለማን ምን ብዬ ልናገር? የሞተብኝ የለ። ጎረቤት ውስጥ ወንድሙ የጠፋበት ነበር፤ እኔ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ምን ይባላል?

መጀመሪያ ኮሶ ነው ተባለ። በባዶ ሆዴ ኮሶ ጠጥቼ ጓሮ ስወድቅ እማዬ ወገቤን ይዛ ታለቅሳለች። ቀጥሎ ዓይን ነው ተባለና ጤና አዳም በጨርቅ ተቋጥሮ አንገቴ ላይ ታሰረ፤ በሩም ከድሮው ይበልጥ ተጠብቆ ተዘጋ። እኔ ግን እየቀለልኩ ሄድኩ። መቀነቴ ሁለት የሚዞረው ሦስትና አራት ይዞር ጀመር፤ ፀጉሬ ሚዶው ላይ ይቀራል፤ ለሴት ልጅ በየወሩ የሚመጣው ነገር ሳይመጣ ቀረ። ቦኖ ውኃ ልቀዳ ስሄድ እንስራው ሳይሞላ ዓይኔ ይጨልማል። ጫልቱ ናት ከኋላ የምትይዘኝ፤ ነፋስ ይወስድሻል፣ ኪስሽ ውስጥ ድንጋይ ክተቺ እያለች ትቀልዳለች። አባቴም ይህን ሁሉ ያያል። እሱም ከሥራ ይመጣል፣ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል፣ አንድ ሁለት ቆርሶ ጠግቤአለሁ ይላል። አንድ እሑድ ቀበቶውን በሚስማር ሲበሳ አይቼዋለሁ፤ ከድሮው ቀዳዳ ራቅ አድርጎ። አላሰብኩበትም።

ሁዳዴ ሲያዝ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ያው ክሳት፣ ያው የማይወርድ ጉርሻ፣ ሌላ ስም ወጣለት። እትዬ ደስታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾሙ በኋላ ከቤታቸው ብቅ ሲሉ እኔ ገና አልበላሁም፤ ማታም ቢመጡ አልበላሁም። እያዩኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይህች ልጅ የጸጋ ልጅ ናት አሉ። ወሬው ከግቢያችን ወደ ቦኖው፣ ከቦኖው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሄደ። ጿሚቷ ተባልኩ። አንዷ ልጇ ፈተና እንዲያልፍ፣ አንዷ ባሏ ከውሽማ እንዲመለስ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ ትለኛለች። እናቴ ኮሶ ስትግተኝ የከረመች ሴት፣ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ያን ቀና ማለቷን ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል፤ ስንት ወር ስትፈራ ቆይታ የተሰጣት ዕረፍት ነበር።

ለመናገር ሞክሬአለሁ። እትዬ ደስታን፣ እትዬ፣ እኔ እየጾምኩ አይደለም፣ አልወርድ ብሎኝ ነው አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ እማዬ ዞሩና «አየሽልኝ ትሕትናዋን?» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በፍጹም ፍቅር፣ እኔ እየሰማሁ፣ «እንዲህ ያሉትን እግዜር ቶሎ ይወስዳቸዋል» አሉ። እማዬ አሜን አለች። ምን እያለች እንደሆነ ያወቀችው አይመስለኝም። እኔ ግን አወቅሁ። እስከዚያች ሰዓት በሩን ብቻ ነበር የምፈራው፤ ከዚያ በኋላ እጄን፣ እግሬን፣ መስታወቱን መፍራት ጀመርኩ። ልሞት ነው፣ ሰው ሁሉ ደግሞ እያመሰገነኝ።

ሆሣዕና ዕለት የዘንባባ ቀለበት አጠለቁልኝ፤ ከጣቴ ወለቀ። ጠበብ አድርገው ቢሠሩልኝም እሱም ወለቀ። እዚያው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሴቶቹ ተማከሩ፤ ከሐሙስ ጀምሬ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ ሳልቀምስ እንዳከፍል፣ ስለነሱም እንድለምን። አክፍሎት ጠንካራ ሰው እንኳ የሚንገዳገድበት ነው። እማዬ እሺ አለች። ከዚያ በፊት ግን በረከት ላስቀብላት ብላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የክርስትና እናቷ እማሆይ ወለተ ሐና ወደሚኖሩበት ወደ እንጦጦ ማርያም ይዛኝ ወጣች። ያን ዳገት በደኅና ጊዜዬ እየዘለልኩ የምወጣው ነበር። የዚያን ቀን በየባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ወደ ራጉኤል የሚሄዱ ሰዎች እያዩኝ ያማትባሉ፤ እማዬ በኩራት፣ እኔ በፍርሃት ዓይናችንን እንሰብራለን።

እማሆይ ከቅጥሩ ጀርባ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ነበረቻቸው። ሕማማት ስለሆነ አልሳሙንም፣ እኛም አልተሳለምናቸውም፤ በእጃቸው ብቻ ግቡ አሉን። አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ነገር የማይሸሽጉ ሴት ናቸው። እማዬ ስለኔ ጾም ስታወራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ስትጨርስ፣ እሷ ከእኔ ትበልጣለቻ፣ እኔማ እናንተ ስትመጡ ስለ አይብ እያሰብኩ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ አሉ። እማዬ ደነገጠች። እሳቸው ቀጠሉ፤ በቅቤ የተነካ አይብ፣ ላዩ ላይ ሚጥሚጣ ትንሽ ጣል ያለበት፣ በየዓመቱ በዚህ ሳምንት በሕልሜ ይመጣል፣ ሰይጣን እንኳ እንዲህ አይፈትነኝም እያሉ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ የኔ ልጅ? ፋሲካ ሲሆን ምን አማረሽ?»

«ምንም» አልኩ።

«ምንም? ዶሮው? ዳቦው?»

«ምንም አላማረኝም፣ እማሆይ።»

ሳቃቸው ቆመ። እጃቸውን ዘርግተው የክንዴን አጥንት ያዙት፤ ጣታቸው ዞሮ ተገናኘ። «አስካለ» አሉ እናቴን፣ «ይህች ልጅ እየጾመች አይደለም። ጾም የሚርበው ሰው ነው የሚጾመው። እኔ ዕድሜ ልኬን ጾሜአለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ርቦኛል። ይህች ፈርታለች።»

ፈርታለች ሲሉ የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ተሰነጠቀ። ማን አስፈራሽ አሉኝ። በሩ አልኩ። ምን ያለ በር? ነገርኳቸው። ሽሮውን፣ ብረቱን፣ ጣሳውን፣ አፌ ላይ የነበረውን እጅ። በሩ ተዘግቶ መሶብ ሲቀርብ ይመጣሉ አልኳቸው። እማዬ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ዞር አድርጋ ጀርባውን አየች፤ ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

እማሆይ ተነሥተው በሸክላ ጣባ በሶ በጨውና በውኃ አሹ። ከዚያ የጎጆዋን በር ወለል አድርገው ከፈቱና ድንጋይ ደገፍ አደረጉበት፤ እኔን ከደፉ ላይ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርገው አስቀመጡኝ። ረፋድ ነው። ሰኞ ነው። የሕማማት ሰኞ። እማዬ ቀስ ብላ «በሕማማት? በዚህ ሰዓት? ደግሞ ሰው እያያት?» አለች፤ ከየትኛው ፍርሃት እንደምትጀምር አታውቅም ነበር። ተነሥታ ነጠላዋን ዘርግታ ልትከልለኝ መጣች።

«ነጠላሽን ሰብስቢ» አሏት እማሆይ። «የታመመ ሰው አይጾምም፤ ለንስሐ አባቷ እኔ እነግራቸዋለሁ። ዓይኑም ይያት፤ እኔ እዚህ አለሁ። አንቺም አታጉርሻት፣ በእጇ ትብላ።» ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ደግሞ፣ «መንገዱን እዪ። የሚመጣ ካለ ከሩቅ ታዪዋለሽ። የተከፈተ በር ማን ያንኳኳል?» አሉኝ።

መንገዱን አየሁ። ዛፎቹን አየሁ። እጄ ጣባው ውስጥ ነበር፤ ግን አልተነሣም። ያኔ ከላይ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ብቅ አለች፤ ጎንበስ ብላ፣ ግንባሯ በላብ ረጥቦ፣ ቀጥታ ወደ እኛ። ልቤ ተነሣ። መጣች፣ መጣች፣ እየቀረበች ስትሄድ ሰው ሆነች፤ የተቀደደ ቀሚስ፣ የደከመ ፊት። ምግብ ፊቱ ያለ ሰው አላፊውን እንብላ ማለት አለበት፤ እማዬ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። «እንብላ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ጫጩት። ሴትዮዋ ቆመች። በሶውን አየች፣ ፀሐዩን አየች፣ የማርያምን ጉልላት አየች። ልትገሥጸኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ኋላ ግን ክንዶቼን አየችና «ብዪ እናቴ፣ ይባረክልሽ» ብላ አለፈች። ጎረስኩ። በሩን ሳይሆን ጀርባዋን እያየሁ፣ እንጨቱ ከዛፎቹ ጋር እስኪቀላቀል እያየሁ፣ ዋጥኩ። ወረደ። ሲወርድ ያመኝ ነበር።

በአንድ ቀን ዳንኩ ብል እዋሻለሁ። የዚያን ቀን ከበላሁት ግማሹ ቁልቁለቱ ላይ ወጣ። እኛ ሳንወርድ ወሬው ወርዶ ነበር፤ ጿሚቷ በሕማማት ረፋድ ላይ አደባባይ ቁጭ ብላ በላች ተባለ። እትዬ ደስታ እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ አላናገሩንም። የለመነችኝ ሁሉ ልመናዋን ወሰደች። ጫልቱ ብቻ ስሙን አልተወችም፤ ለሹፈት ይሁን ለፍቅር ጿሚቷ እያለች ትጠራኛለች። እማዬም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ስታቀርብ መወርወሪያውን መልሳ በሩን ከፍታ ትተው ጀመር። የዓይን ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ መሶቡን ከከፈተች በኋላ ጓዳ ገብታ ትቆማለች፣ ማየት አትችልም። እኔ ከደፉ ላይ ሰሃኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ግቢውን እያየሁ እበላለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለት ጉርሻ። አንዳንድ ቀን ምንም። አጎረሰችኝ የምለው ነገር ግን ቀረ፤ እናቴ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አላጎረሰችኝም፤ እጇን ከሰሃኔ አርቃ ነበር የምትቀመጠው።

ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ እየረጨ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ተቀምጬ ሳለ አባቴ ከሥራ መጣ። ከግቢው በር ጀምሮ አየሁት፤ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ፣ ሱሪውን በዚያ ቀበቶ ሰብስቦ። አላፏጨም። በሩ ክፍት ስለነበር አላንኳኳም። እንብላ አልኩት። ያልፋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ከደፉ ማዶ ጫፍ ላይ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ዝናቡን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ሰሃኔ ሰደደና ቆረሰ። መንገዱን እያየ አላመጠ፣ መንገዱን እያየ ዋጠ፣ ደግሞ ቆረሰ። ያኔ ገባኝ። በዚያ ቤት በሩን የምጠብቀው እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ለሱ ግን ስም የሰጠው፣ ኮሶም ያጠጣው አልነበረም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየችን፤ ተመልሳ ገብታ እንጀራ ጨመረች።

አሁን የምኖረው ልጄ በሰጠኝ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የብረት በር አለው፣ ደወል አለው፣ ሰውን የምታሳይ ቀዳዳ አለችው። ጎረቤቶቼ፣ እማማ፣ ሌባ አይፈሩም እንዴ ይሉኛል፤ ምሳ ሰዓት ላይ በሬ ወለል ብሎ ስለሚያገኙት። እፈራለሁ እላቸዋለሁ፣ በጣም ነው የምፈራው። እሑድ ዕለት ጫልቱን እየጠበቅሁ ምሳ አቅርቤ ነበር። ዘገየች፤ ትንሽ ልቅመስ ብዬ ቆረስኩ። ያን ጊዜ ከታች ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ጀመረ፤ ከባድ፣ የሚያርፍ፣ ከምርኩዝ ጋር። ጫልቱ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ከእሷ በቀር የምጠብቀው የለም። ቢሆንም እጄ አፌ ሳይደርስ ቆመ። አንደኛው ፎቅ፣ ሁለተኛው ፎቅ፤ ጉርሻው ጣቴ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ነጠላዋ ብቅ አለ፣ ከነጠላዋ ሥር ፊቷ፣ እያለከለከች፣ እየሳቀች፣ ሳታንኳኳ ገባች።

«እንብላ» አልኳት። ጎረስኩት።